በቁም የተደረገው ምደባ

ጥቅምት ፰ ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

ወጥተሽ ስትገቢ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ቃልሽም ሰሚ አይጣ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽስ ተወሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከመቀመጥ መቆም ይሻለዋል፤ ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ስላስተማርኩ መሰለኝ። ስምሽን በሙሉ ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ውስጥ ግን በልጅነትሽ ባወጣሁልሽ ስም እጠራሻለሁ። ዛሬም ከጥያቄ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለሽ ነው የምሰማው።

እናትሽ ደህና ናት። ትናንት መጥታ ነገሩን ከዳር ከዳር ስትነካካ ቆየችና በመጨረሻ «ልጄ ለፕሮፌሰርነት አመልክታለች፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለማንም የማይነገር ነገር ለእኔ ለምን እንደሚነገር አይገባኝም። «የምን ፕሮፌሰር?» ብላት «የምክር» አለች። «የምን ምክር?» «የትምህርት ቤት ምክር።» ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም።

ወጥቼ ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን ባገኘው እሱም ሰምቷል፤ ለካ ለእሱም «ለማንም እንዳትነግር» ተብሎ ተነግሮታል። «ምክር በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ከሆነማ የእኔ ሚስት ዩኒቨርሲቲውን ራሱን መክፈት ትችላለች» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የማስረዳው ነገር ስለሌለኝ ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ደግሞ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

እኔና እናትሽ የእኅትማማቾች ልጆች ነን እንጂ እኅትማማቾች አይደለንም። ፊደል ያስቆጠርኩሽ ግን እኔ ነኝና የመጠየቅ መብት አለኝ። የምታስተምሪው ምንድን ነው? የምታስተምሪውስ ለማን ነው? ያ ሰው ተምሮ ሲወጣ ምን ይለወጣል? አጭርና ግልጽ ይሁን። በስልክ አይሆንም። እኔ ግማሹን አልሰማም፣ አንቺ ግማሹን ትውጪዋለሽ፣ ለሁለታችንም የሚተርፍ የለም።

እትዬሽ

.

ኅዳር ፲፱ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ይበርታ፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ቁጣዎም አይቀንስብኝ። እርስዎ መቆጣት ካቆሙ እኔ መስነፌ አይቀርም። ሳሉ ትቶኛል።

«አጭርና ግልጽ» ብለውኛልና እሞክራለሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ በፊት እዚህ ባሕር ማዶ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት አማካሪ ነበርኩ፤ እናንተ ዘንድ ጋይዳንስ የሚባለው ማለት ነው። ለብዙ መቶ ተማሪዎች አንድ እኔ። ቢሮዬ ከስፖርት ዕቃ መጋዘኑ አጠገብ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ኳስ ግድግዳዬን ይመታል። ተማሪ ወደ እኔ የሚመጣው ሲያለቅስ ወይም ከክፍል ሲባረር ነበር። ለሚያለቅሰው መሐረብ፣ ለተባረረው የመግቢያ ወረቀት እሰጣለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ እስክሪብቶ ልትዋስ ገባች። ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ የምትሠራውን ሒሳብ ሳይ ለክፍሏ የማይሰጥ ሒሳብ ነው። ውጤቷን ባገላብጥ በሒሳብ አንደኛ ያልሆነችበት ጊዜ የለም፤ የተመደበችው ግን በዝቅተኛው የሒሳብ ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል ወደ ምሕንድስናም ወደ ሕክምናም መንገድ የለም። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት። «የሚጠየቅ መሆኑን አላወቅሁም» አለችኝ።

ነገሩን ስከታተለው ምደባው በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ስብሰባ እንደሚያልቅ ደረስኩበት። ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትላቸውና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ስም ይነበባል። «ወላጆቹ መጥተው አነጋግረውኛል» የሚል ሰው ከተገኘ ልጁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ዝም ካለ ባለበት ይቀራል። ክፋት አልነበረበትም፣ እትዬ፤ ደግ ሰዎች ነበሩ። ዝም የሚባልላቸው ልጆች ግን ሁልጊዜ ከአንድ ሰፈር ነበሩ፤ ወላጆቻቸው በፈረቃ የሚሠሩ፣ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ የማይችሉ፣ ቢመጡም ዘበኛው በር ላይ ቆመው የሚመለሱ።

ወደ ስብሰባው ገባሁ። «አማካሪ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉኝ። ወንበር ስላልነበረኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። በዓመቱ ግን የቢሮዬን ወንበር ተሸክሜ በኮሪደሩ ሄድኩ። ተማሪዎቹ «ዛሬስ ልትባረር ነው» እያሉ ሲሳሳቁ እሰማ ነበር። ወንበሬን ጠረጴዛው ዳር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች፤ ብቻዋንም አልወጣችም።

ዶክትሬቴም፣ ጽሑፎቼም፣ የማስተምረውም ከዚያ ወንበር የመጡ ናቸው። የማስተምረው አማካሪዎችን ነው። እንባ መጥረግ ድሮውንም ያውቁበታል። እኔ የማሠለጥናቸው ውሳኔ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ገብተው መቀመጥን፣ የተማሪዎቹን ዝርዝር በሰፈርና በኑሮ እየለዩ ማንበብን፣ «ይህን ልጅ ማን ያውቀዋል?» ብሎ መጠየቅን ነው። በወረቀት ላይ ስሙ «በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት አመራርና ፍትሐዊነት» ይባላል። ለልብስ ሰፊው ግን እንዲህ ይበሉልኝ፦ ሳይለካ ጨርቁ የሚቆረጥበት ሰው አለ፤ የእኔ ሥራ መቀሱ ሳይነሳ ሜትር ይዞ መድረስ ነው።

የፕሮፌሰርነቱ ኮሚቴ ጥር ውስጥ ይሰበሰባል። እስኪወሰን ድረስ ለማንም አይንገሩብኝ፤ አደራ። አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። በእርስዎ ትምህርት ቤት ምደባ ሲደረግ ማን ይቀመጥ ነበር?

ልጅዎ

.

ታኅሣሥ ፳፬ ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

የጀመርሽው ይሙላልሽ፤ የተቃወመሽንም በኋላ አንቺን የሚያመሰግን ያድርግልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። ግልጽ ነው። አጭር አይደለም።

ለጥያቄሽ መልስ፦ በእኔ የርዕሰ መምህርነት ጊዜ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ውጤት ይነበባል፣ ውጤት ይናገራል፣ አለቀ። ሊለምነኝ ቢሮዬ የመጣ ወላጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ያንቺ ነገር ለሌላ ትምህርት ቤት እንጂ ለእኛ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። ሆኖም ሳያዩ መናገር ሥራዬ አይደለምና ሄጄ አየሁ።

የዛሬው ርዕሰ መምህር ተማሪዬ ነበር። ከክፍል ክፍል ሲያልፍ ድምፁን ስላልሰማን «ዝምተኛው» እንለው ነበር። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። ከመምህራኑም አብዛኞቹ በእጄ ያለፉ ናቸው፤ እኔ ቆሜ እስካለሁ ድረስ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ከኋላዬ «ቀጥ በል መጡ» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ይህን ስም ያወጡልኝ ተማሪዎቼ ዛሬ አያት ሆነዋል፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። ጆሮዬ ግማሹን ይጥላል ብልሽም ይህን አይጥልም።

«የጋይዳንስ ክፍሉን አሳየኝ» አልኩት ዝምተኛውን። ወደ ኋለኛው ሕንፃ ወሰደኝ። በሩ አጋማሽ ላይ ሲደርስ አልከፈት አለ፤ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣሪያው ተቆልሎበታል። በጎን ሾልኬ ብገባ ከክምሩ ጀርባ አንዲት ወጣት ሴት በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የአርፋጆች ወረቀት ላይ ማኅተም ትመታለች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አማካሪ ነኝ።»

«ማንን ታማክሪያለሽ?»

«ለጊዜው ወንበሮቹን» አለችኝ። ወደድኳት።

ምደባ ላይ ትገባ እንደሆነ ጠየቅኋት። የስም ዝርዝሩን በኮምፒዩተር ጽፋ በር ላይ እንደምታስረክብ ነገረችኝ። ዝምተኛው የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። ለልጅቷ የምታስተምሪውን ትምህርት ላኪላት። ይህ ልመና አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

ለልብስ ሰፊውም የሜትሩን ነገር ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ። «እንዲህ ከሆነስ ትልቅ ሥራ ነው። ታዲያ ፕሮፌሰር ሆነች?» አለኝ። «ሆነች» አልኩት። ከአፌ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ልመልሰው አልፈለግሁም። አሁን ሰፈሩ እናትሽን «የፕሮፌሰር እናት» ይላታል። እኔን ትቆጣኛለች፤ በመንገድ ላይ ግን አንገቷ ቀና ብሏል። በአፌ ያልኩትን ያንቺ ኮሚቴ ያጸናዋል። ያልሆነ ነገር በእጄ ጽፌ ስለማላውቅ ፖስታው ላይ ያለው እንደ ወትሮው ስምሽ ብቻ ነው።

እትዬሽ

.

የካቲት ፳፰ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለዩ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ትምህርቱን ለጋይዳንሷ ልጅ ልኬያለሁ። መልሳም ጽፋልኛለች፤ እንደ እኔ ጥያቄ የማያልቅባት ናት።

እዚህ ብርዱ እንደ በረታ ነው። ጠዋት ጠዋት የመንገዱ ጠርዝ ስለሚያንሸራትት ሰዉ እንደ ዳክዬ ይራመዳል። ለሳሎኔ አዲስ መጋረጃ ገዛሁ። ቀለሙ መደብሩ ውስጥ ሰማያዊ ነበር፤ ቤት ሲደርስ አመዳማ ሆነ። ልመልሰው አስቤ ነበር፤ እንደ ገና ሳየው ደግሞ ለግድግዳው የሚስማማ መሰለኝ። ጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ሌላ ነው፣ ወደ ማታ ደግሞ ሌላ። ቁመቱም ትንሽ ስለረዘመ አሳጥሬዋለሁ። ጫማም ቀይሬያለሁ።

እናቴን ይሳሙልኝ። በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ልጅዎ

.

መጋቢት ፳ ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

የምትሰውሪው ነገር አይብዛብሽ። በዚህ ጊዜ የምመርቅሽ ይህን ብቻ ነው።

ስለ መጋረጃ ገጽ ሙሉ ጻፍሽ። ከሰማያዊ ወደ አመዳማ፣ ከረጅም ወደ አጭር። መጋረጃሽን ከጎረቤትሽ አብልጬ አወቅሁት። በጥር የሚሰበሰብ ኮሚቴ እንዳለ ነግረሽኝ ነበር፤ ጥር ካለፈ ቆየ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን «ኮሚቴ» የሚል ቃል የለም። እናትሽም ስጠይቃት «ሥራ በዝቶባት ነው» ትልና ዓይኗን ወደ ምድጃው ታዞራለች።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ መጥፎ ውጤት ሳስረክብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ተቀብሎ የሞተ የለም፤ አስረክቤም እኔ አልታመምኩም። ስለዚህ ውጤትሽን ንገሪኝ። የምትፈልጊውን ያህል አሳጥሪው። መጋረጃውን ግን ተይው።

እዚህ ምደባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ለላይኛው የሒሳብና የሳይንስ ክፍል የሚያልፉት የሚለዩበት ነው። ዝምተኛው በክብር እንግድነት ጠርቶኛል። የጋይዳንሷ ልጅ አልተጠራችም፤ እገባለሁ ብላ ግን ቆርጣለች። መልስሽን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ።

እትዬሽ

.

ሚያዝያ ፲፮ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ከእርስዎ የሚሰወር ነገር እንደሌለ እያወቅሁ መሞከሬ ሞኝነት ነው። ይኸው ውጤቴ።

ኮሚቴው አልጣለኝም፣ አላሳለፈኝምም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ «ሥራሽ መልካም አገልግሎት ነው፤ ጥናት መሆኑ ግን ያጠራጥራል» አሉ። «ወንበር ተሸክሞ መግባትማ ማንኛዋም ብርቱ ሴት ታደርገዋለች። ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ ሲያደርገው ይሠራል ወይ? ወይስ የሚሠራው አንቺ ስላለሽ ነው?» ሐምሌ ውስጥ በግልጽ ስብሰባ ፊታቸው ቀርቤ እንድመልስ ወሰኑ። እዚያ ከወደቅሁ ዳግመኛ ማመልከት የለም። አማካሪዎቹን የማሠለጥንበት ፕሮግራምም ከሌላ ክፍል ጋር ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ምን እንደሚተርፈው አውቃለሁ።

በዚህ መሐል የኮሌጃችን ዲን ጠሩኝ። ማመልከቻዬን ዝም ብዬ ከሳብኩ ምክትላቸው ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። ሁለት መስኮት ያለው ሰፊ ቢሮ አሳዩኝ። «ሰውን ከማስቸገር ሰውን ማስተዳደር ይሻላል» አሉኝ፤ በደግነት ነው ያሉት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ወደ መሳቡ አዘንብያለሁ። ብዙ ዓመት ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ እትዬ። ደክሞኛል። እዚህ ከእኔ የበለጠ የተማሩ፣ የበለጠ የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ እባክዎ ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» እንዳይለኝ ይንገሩልኝ። መጋረጃው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ ሁሉንም ታውቃለች፤ እንዳትነግርዎ ያስማልኳት እኔ ነኝና አይቆጧት።

ልጅዎ

.

ሰኔ ፬ ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ጠላትሽን ሳይሆን ድካምሽን ያርቅልሽ። ደብዳቤሽ ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ሆን ብዬ አዘገየሁት። ከምደባው በፊት የምልሽ ነገር አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ።

የክብር እንግዳ ስለሆንኩ ከጠረጴዛው ራስጌ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጠኝ። ሻይም መጣልኝ። ዝምተኛው፣ ምክትሉና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ልክ ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተና የጋይዳንሷ ልጅ ወንበር ተሸክማ ገባች። ከዚያ ከክምሩ የተሻለውን መርጣ ነው የመጣችው። ጠረጴዛው ዳር አስቀምጣ ስትቀመጥበት አንዱ እግሩ ወለቀና መሬት ወረደች። ሳቁባት። ምክትሉ «ወንበሮቹን አማክሪያቸው እንጂ ማን ይዘሻቸው ነይ አለሽ?» አላት። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና መስኮቱ ሥር ቆመች። መስኮቱን ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ስም መነበብ ተጀመረ። አንድ ልጅ ተጠራ። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ «ግን ያረፍዳል» አለ ምክትሉ፤ «ባለበት ይቆይ» ተባለ። ጥቂት ስሞች አለፉና ሌላ ልጅ ተጠራ። ውጤቱ ከፊተኛው ጋር እኩል ነው፤ እሱም ያረፍዳል። «አባቱ መጥተው አነጋግረውኛል፤ መኪናቸው እየተበላሸባቸው ነው» አለ ምክትሉ። «እንግዲያው ይለፍ» ተባለ። ማንም ቅር አላለውም። ብዕሩ እንኳ አልቆመም።

ሻዬን አስቀመጥኩ። ውጤት ይናገራል ብዬሽ ነበር፤ አሁንም እላለሁ። እዚህ ግን ሁለት እኩል ውጤቶች ሁለት የተለያየ ነገር ሲናገሩ ሰማሁ።

«የፊተኛውን ልጅ ማን ያውቀዋል?» አልኩ።

ዝም አሉ። ዝምተኛውማ ልማዱ ነው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር። «ጠዋት ታናናሾቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። የእነሱ በር የሚከፈተው የእኛ ከተዘጋ በኋላ ነው። በር ላይ ጥሏቸው መምጣት ስለማይችል ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ እዚህ ድረስ በሩጫ ነው የሚመጣው።»

«ይህ በፋይሉ ላይ የለም» አለ ምክትሉ። «ደግሞም ጋይዳንስ የምደባ ኮሚቴ አባል አይደለችም።»

«እኔስ አባል ነኝ?» አልኩት።

«እርስዎማ የክብር እንግዳችን ነዎት።»

«ወንበሩ ለእኔ የተሰጠ ነው?»

«አዎ፣ ለእርስዎ።»

«እንግዲያው ለፈለግሁት እሰጠዋለሁ» አልኩና ተነሣሁ።

ቀጥሎ የሆነውን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስነሣ ዝምተኛው ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። ከጎኑ ያለችው የሳይንስ ኃላፊ ተነሣች። ከዚያ ሁሉም። ቆሜ እያለሁ ተቀምጦ የሚያውቅ የለማ! ምክትሉ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ ቀኝና ግራ ሲያይ ቆየና እሱም ተነሣ። ልጅቷን «ተቀመጪና አንብቢ» አልኳት። እንቢ ልትል አፏን ስትከፍት «ቀጥ በይ» አልኳት። ተቀመጠች።

ያን ቀን ምደባው በቁም ተደረገ። በዚያ ሁሉ ኃላፊ መሐል የተቀመጠችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደ ገና አነበበች፤ በየስሙ «ይህን ልጅ ማን ያውቀዋል?» እየተባለ፤ የሚያውቅ ሲታጣም እሷ አስቀድማ ጠይቃ ያገኘችውን እየተናገረች። ልክ አንቺ የላክሽላት ትምህርት እንደሚለው፣ በየሰፈሩ ለይታ ይዛው መጥታለች። ምክትሉ ጫማው እንደ ጠበበው ከፊቱ አይቻለሁ። ሊቀመጥ ግን አልደፈረም፤ እኔ አልተቀመጥኩማ። ጉልበቴ እንደ ነገርኩሽ መቆም ይሻለዋል።

በሩጫ የሚመጣው ልጅ አለፈ። የባለመኪናውም ልጅ አለፈ፤ ውጤቱ ይገባዋል። ሌሎችም ባለበት ይቆዩ ተብለው የነበሩ አለፉ። ሲያልቅ ዝምተኛው አፉን ከፈተና «የዚህ ስብሰባ አባላት ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ይጨምራል» አለ። ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ስሚኝ። «ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ» ነው ያሉሽ? ሌላ ሰው ይኸውልሽ። ሌላ ቦታ ይኸውልሽ። አንቺ አልነበርሽም፤ ሥራሽ ግን ነበረ። ዲኑ ያሳዩሽ ሁለት መስኮት ያለው ቢሮ መልካም ይሆናል። አንቺ ግን ያን ጊዜ መስኮት ሥር የቆምሽው መስኮት ወደሽ አይደለም።

ደክሞኛል ላልሽው፣ ዕረፊ። አንድ ሳምንት ተኚ። ከእኔ የበለጠ የተማሩ አሉ ላልሽው፣ ይኑሩ። ሰፈሩን ዝም ያሰኙልኝ ላልሽው ደግሞ እንቢ ብያለሁ። ማመልከቻሽን ከሳብሽ በየቤቱ እየዞርኩ የማስተባብለው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ለመቆም እንጂ ለዚያ ዓይነቱ መንገድ አይሆንም።

እትዬሽ

.

ነሐሴ ፲፬ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

የቆሙበት እግርዎ አይዛል። እንዴት ሰነበቱ? ይህን የምጽፍልዎ አመዳማው መጋረጃ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስሙን አላነሣም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግሥት ዲኑ ዘንድ ሄጄ ማመልከቻዬን እንደማልስብ ነገርኳቸው። «አስበሽበታል?» አሉ። «አስበውልኛል» አልኳቸው።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። የአንድ ቀን ስብሰባ ታሪክ ይዞ መቅረብ ማስረጃ እንዳልሆነ እርስዎ ራስዎ ስለሚቆጡኝ፣ ያሠለጠንኳቸው አማካሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ያደረጉትን ሰበሰብኩ። አማካሪ ከመቀመጧ በፊትና ከተቀመጠች በኋላ ማን ወደ ላይኛው ክፍል አለፈ? ካለፉት ውስጥ ስንቱ እዚያ ጸንቶ ተማረ? ጋይዳንሷም የእናንተን ላከችልኝ፤ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ዓይነት ይለያያል፤ የታየው ለውጥ ግን ተመሳሳይ ነው። ካለፉት ልጆች አብዛኞቹ ዕድሉን ሲያገኙ ከማንም አላነሱም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ለኮሚቴውና ለእኔ የሚበቃ ወንበር ብቻ አለው። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና ያስተማርኳቸው አማካሪዎች ይገቡ ጀመር። አልጠራኋቸውም። ከየት እንደ ሰሙም አላውቅም። አንዳንዶቹ ከሌላ ከተማ ነው የመጡት። እያንዳንዳቸው ከጎረቤቱ አዳራሽ ወንበር ተሸክመዋል። ግድግዳውን ተከትለው አስቀምጠው ተቀመጡ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንበር ይዛችሁ እንድትገቡ ማን ነገራችሁ?»

«የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው» አለች አንዷ ቁመተ ረጅም።

ኮሚቴው ውስጥ ሲስቁ አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ጥናቱን አቀረብኩ። ብዙ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ያንኑ ጥያቄያቸውን አመጡ፦ «ይህ ሁሉ አንቺ ስላስተማርሻቸው አይደለም? አንቺ ያላስተማርሽው ሰው ያደርገዋል?»

«አንዲት ጡረተኛ መምህር አሉ» አልኳቸው። «እኔ አላስተማርኳቸውም፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። የራሳቸውን ወንበር ለአማካሪዋ ሰጥተው ጉባኤውን በሙሉ አስቆሙት።»

«ይህ ዘዴ በየትኛው ጽሑፍሽ ላይ ይገኛል?»

«ገና አልጻፍኩትም» አልኩ። «እኔ ወንበር መጨመርን ነው ያወቅሁት። ወንበር መልቀቅን እያጠናሁ ነው።»

እንድወጣ ጠየቁኝ። ኮሪደሩ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ቆምን፤ ማንም አልተቀመጠም። ስመለስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ቆመው ጠበቁኝ። ፕሮፌሰርነቴ በሙሉ ድምፅ አልፏል፣ እትዬ። ፕሮግራሙም ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከሌላ ጋር አይቀላቀልም።

ለእናቴ ስደውልላት ብዙ ዝም አለች። ያለቀሰች መስሎኝ ሳባብላት «አይ፣ እያሰብኩ ነው» አለች። «ለማን ልንገር? ሁሉም ያውቃል እኮ።»

ልጅዎ

.

መስከረም ፲፰ ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

ያገኘሽው ይባረክልሽ፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጡትም ወንበራቸውን ተሰናድቶ ያግኙት። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እናትሽ አብራኝ ነበረች። እኔ አነበብኩ፣ እሷ አዳመጠች። ስጨርስ «እንደ ገና» አለች። እንደ ገና አነበብኩ።

አንድ ችግር አለብን። ምሥራቹን የምነግረው ሰው አጣሁ። ለልብስ ሰፊው ስነግረው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «እትዬ፣ ይህማ አሮጌ ወሬ ነው» አለኝ። ሳይሆን ያመነኝ ሰው ሲሆን አልደነቀውም። ጥቂት ቆይቶ ግን የተሰቀለውን ሜትር ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለና «ይህን ላኩላት፤ ለቢሮዋ» ብሎ ሰጠኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ዳርና ዳሩ ተበልቷል፤ ልኩ ግን ትክክል ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ።

የጋይዳንስ ክፍሉ በር አሁን እስከ ዳር ይከፈታል። አናጺ መጥቶ ክምሩን አወረደ፤ የሚጠገነው ተጠገነ። ያ እግሩ የወለቀው ወንበርም ተጠግኖ ምደባው ክፍል ገብቷል። ትንሽ ይወዛወዛል። ይቀየር ሲባል ልጅቷ «ተዉት፤ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይረዳኛል» አለች። ተማሪዎች እሷ ዘንድ ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሳያለቅሱም፣ ሳይባረሩም። ምክትሉ ባገኘኝ ቁጥር ከሩቅ ይቆማል። ተቀመጥ ብዬው አላውቅም።

ስትመጪ በምደባ ጊዜ ነይ። ዝምተኛው ንግግር አድርጊልን ሊልሽ ይፈልጋል፤ እንዴት እንደሚናገረው ግን አላውቅም። ጽሑፍሽንም ላኪልኝ፤ ወንበር ስለ መልቀቅ የምትጽፊውን። ሳይታተም አየዋለሁ፤ እኔን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ እንዳታሳምሪው።

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ፖስታውን ነው የጻፍኩት። እናትሽ ከአጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ከመክፈትሽ በፊት አይተሽው ይሆናል። ያን ቃል በአፌ ስለው ብዙ ወር ሆኖኛል፤ በእጄ ስጽፈው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ የቀረው ጽሑፍ ወደ ታች ወረድ ወረድ ብሏል። ከስምሽ በፊት ያለውን ቃል ግን ቀጥ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

እትዬሽ